ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ

ንባብ፦ ማርቆስ 5፥35-43



በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ሰው "ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ" ብሎኛል። "ይጸልዩ፣ ግን ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ" ያለችኝ ግን አንዲት ወጣት የሕፃናት ሐኪም ብቻ ናት። ያቺን ሌሊት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በታሪኩ ውስጥ ጥሩ ሆኜ ስለማልታይ ነው።

የልጄ ባል ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለነበር ልጄ ሁለት ዓመት ከሆናት ሕፃኗ ጋር እኛ ቤት አድራ ነበር። ሕፃኗን ጉንፋን ነገር ይዟታል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ትንሽ አተኩሷታል። ይህን የመሰለ ነገር በየቤቱ ስላለ ማናችንም ልብ አላልነውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የውሻ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ውሻ መስሎኝ ተገላበጥኩ። ድምፁ ሲደገም ባለቤቴ ክንዴን ያዘችና "ውሻ አይደለም፣ ልጅቷ ናት" አለችኝ።

ስንደርስ እናቷ አልጋው ላይ አስቀምጣታለች። ሕፃኗ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች፤ በሳበች ቁጥር ከጉሮሮዋ ያልተቀባ በር ሲከፈት የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ማልቀስ ስትሞክር ድምፅዋ ተዘግቷል። ከዚያ ደግሞ ያ እንደ ውሻ ያለ ሳል ይመጣል።

በቤታችን ያለነው ሁሉ የምናውቀውን አደረግን። ባለቤቴ ባሕር ዛፍ ቅጠል ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና "እንጥሏ ወርዶ ነው። ሲነጋ አዋቂ ይፈለግና ይቆረጥላት" አሉ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጸለይ ጀመርኩ። ስብከቴን የሰማችሁ ድምፄን ታውቁታላችሁ። ገሠጽኩ፣ አዘዝኩ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ።

ሕፃኗ ደነገጠችና አለቀሰች። ስታለቅስ ያ የበር ድምፅ ባሰ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ መባሱን ሰምቻለሁ። ግን የተረጎምኩት በለመድኩት መንገድ ነው። "ጠላት እየተቃወመ ነው" አልኩና ድምፄን ጨመርኩ። ልጄ "አባዬ፣ ሆስፒታል እንውሰዳት" አለች። ቀጠልኩ። ደግማ አለች፤ አሁንም ቀጠልኩ። በሦስተኛው ጮኸችብኝ። ልጄ ተወልዳ እስካደገች ድረስ ጮኻብኝ አታውቅም።

ጎረቤታችን እግዚአብሔር ይስጠው፣ በፒጃማው መኪናውን አስነሣ። የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ባለቤቴ ልትዘጋው ስትል ሕፃኗ ትንሽ ቀለል ያላት መሰለንና ተውነው። ቀዝቃዛ አየር ይህን በሽታ ለጊዜው ቀለል እንደሚያደርገው በኋላ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ያፈላችው እንፋሎት ግን ሲጠና ጥቅም አልተገኘበትም፤ ልጅ የማቃጠል አደጋ ብቻ ነው ያለው። ይህን የምለው ብዙ እናቶች ስለሚያደርጉት ነው።

መጀመሪያ የደረስንበት በሰፈራችን ሌሊት የሚሠራ ክሊኒክ ነው። ተረኛው ወጣት ጤና መኮንን ሕፃኗን አየት አድርጎ፣ ሳሏን ሰምቶ፣ "ክሩፕ ይመስለኛል። እዚህ መድኃኒቱ ሙሉ የለንም፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት" አለ።

"ሳትመረምራት?" አልኩት።

"አየኋት እኮ አባቴ።"

"ማየትማ እኔም አይቻታለሁ። ደሟ ይመርመር እንጂ!"

እንደምታውቁት እኛ ሰዎች ወረቀት እንወዳለን። ሐኪም ጆሮውን ደረታችን ላይ አድርጎ ሰምቶ ከነገረን ይልቅ ማሽን ያተመውን ቁጥር እናምናለን። "ሳይመረምረኝ መድኃኒት ጻፈልኝ" ብሎ ሐኪም ያላማ ማን አለ? ወጣቱ "ባንወጋት ይሻላል" ብሎ አንዴ ተከራከረኝ። ሽበቴን አከበረና ተሸነፈ። ጥፋቱን በእሱ ላይ አላደርግም፤ አስገድጄዋለሁ።

እጇን ያዝን፣ እግሯን ያዝን። ደም ሥሯ ሁለት ጊዜ ጠፋ። በሦስተኛው ሲገኝ ሕፃኗ በላብ ተጠምቃ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ የከንፈሯ ዙሪያ መልኩን ቀይሮ ነበር። ትንሿ ብልቃጥ በደም ስትሞላ "አሁን እውነቱ ይታወቃል" ብዬ እፎይ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ነጭ የደም ሴሏ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ሲ.አር.ፒ የሚባለው ከ10 በታች ነው። ወጣቱ አንብቦ ሲጨርስ "አባቴ፣ ክሩፕ መሆኑን አይለውጥም" አለኝና የሪፈር ወረቀቱን ሰጠን።

ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሟ ወዲያው አልነካቻትም። በሩ ላይ ቆማ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት፣ ሰማቻት። እናቷ አልጋ ላይ ልታስተኛት ስትል "አይ፣ እቅፍሽ ላይ ትሁን። ጋቢውንም አታንሺባት" አለቻት። አንደኛውን መብራት አስጠፋች። እኔ መጸለይ የጀመርኩት ይኼኔ ነው። ሕፃኗ ድምፄን ስትሰማ ፊቷ ለልቅሶ ተጨማደደ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በአክብሮት፣ "አባቴ፣ ይጸልዩ፣ እኔም እጸልያለሁ። ግን ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ። ስታለቅስ መተንፈሻዋ ይጠብባታል" አለችኝ።

ግድግዳው ጥግ ሄጄ ቆምኩ። በልቤ ጸለይኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ግን ያሳለፍኩት ስኮራረፍ ነው። በሽታው ማንቁርት ውስጥ ይሁን የሥልጣን ጉዳይ መሆኑን ይህች ልጅ አታውቅም እያልኩ። ከዚያ የልጄን ጀርባ አየሁ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ በጣም በቀስታ እየተወዛወዘች ነው። ትልቅ ሰው ያረጋጋል የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያላረጋጋ ሰው ግን ከእኔ በቀር አልነበረም።

መድኃኒቱ ዴክሳሜታሶን ነው። በመርፌ ሳይሆን በአፍ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ቀስ ብሎ ገባ። ይህ ሥራውን እስኪጀምር ሰዓት ስለሚፈልግ፣ እስከዚያ በጭምብል በሚነፋ ኤፒነፍሪን ተረዳች፤ ጭምብሉን የያዘችው እናቷ ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያ የበር ድምፅ እየሳሳ ሄደ። "የሚነፋው መድኃኒት ጉልበቱ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ተመልሶ ሊጠብባት ይችላል፣ እናቆያታለን" አሉንና እዚያው ቆየን።

ሊነጋ ሲል ሐኪሟ ከእኛ ጎን ቁጭ ስትል ከኪሴ የክሊኒኩን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። አየችውና "ማን አስወጋት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

አልተቆጣችም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላም ነገሩ አልለቅ ብሎኝ አንብቤያለሁ። የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ክሩፕን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በተለይ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው። ከድምፅ አውታሮች ሥር ያለው የአየር ቧንቧ ይቆጣና ያብጣል። እዚያ ቦታ ላይ ቧንቧውን ዙሪያውን የከበበ የለጋ አጥንት ቀለበት ስላለ እብጠቱ ወደ ውጭ መስፋት አይችልም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ አየሩ መንገድ ይመጣል። የአዋቂ ቧንቧ ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል። የሕፃን ቧንቧ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ ግን ከአየሩ መንገድ ሦስት አራተኛው ይዘጋል። ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ አየሩን በኃይል ስለሚስብ የጠበበው ቦታ ይበልጥ ይጣበቃል። በጩኸቴ ያደረግሁት ይህንን ነው፤ በመርፌውም የደገምኩት ይህንኑ ነው።

ሲ.አር.ፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም፣ ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። ሰውነት በሆነ ቦታ ሲቆጣ ጉበት መልእክቱ ደርሶት ይህን ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ግን ይዘገያል። ከፍ ማለት የሚጀምረው ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰው በሁለተኛው ቀን አካባቢ ነው። "ከሩቅ ጭስ እንደማየት ነው አባቴ" አለችኝ ሐኪሟ፣ "እሳት መኖሩን ያውቃሉ፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አያውቁም።" እንደ ክሩፕ ባለ የቫይረስ ሕመም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል ወይም ጥቂት ከፍ ይላል። በጣም ከፍ ካለ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። በመካከል ያለው ግን ሰፊ ነው፤ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

የነጭ የደም ሴሉ ነገር ደግሞ ልቤን ነካው። ከእነዚህ ሴሎች ብዙዎቹ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ልጅ ሲፈራና ሲያለቅስ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፣ ሴሎቹም ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ዝውውሩ ይገባሉ፤ ያኔ ሲቆጠሩ ይበዛሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ከፍ ብሏል" ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ የተወሰነው የበሽታው ሳይሆን እኔ ያስለቀስኳት ልቅሶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዤ እውነት አገኘሁ ስል የራሴን ጩኸት እያነበብኩ ነበር።

ተመራማሪዎች ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ ሴሎች እያነጻጸሩ፣ ክሩፕ ከያዛቸው ልጆች የትኛው እንደሚብስበት አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ያጠናሉ። መልካም ሥራ ነው፣ አልንቀውም። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትንንሽ ልጆች ደም ውስጥ በተለምዶ የሚበዛው ሊምፎሳይት ነው፤ ዴክሳሜታሶን ከተሰጠ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኒውትሮፊልን ከፍ ያደርጋል። ሐኪሞች የክሩፕን ክብደት የሚመዝኑበት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ የዌስትሊ ነጥብ የሚባል መለኪያ አለ። አምስት ነገሮችን ያያል፦ ልጁ ንቁ ነው ወይ፣ መልኩ ጠቁሯል ወይ፣ ሲስብ ድምፅ አለው ወይ፣ አየር ወደ ሳንባው በደንብ ይገባል ወይ፣ ደረቱ ይሰረጉዳል ወይ። ከአምስቱ አንዱም በደም አይታይም። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። እኔ ምንም እየሠራች አልመሰለኝም ነበር።

ደም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ተሳስታችሁ እንዳትረዱኝ። ልጁ በጣም ካተኮሰው፣ ከተዳከመ፣ መድኃኒቱ ካልሠራለት ሌላ ነገር ይጠረጠራል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ ከሆነ ደግሞ ጉሮሮውን በግድ ከፍቶ ማየት እንኳ አደገኛ ነው፤ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እንዲህ ያለውን የማንቁርት ክዳን እብጠት በብዛት ያመጣ የነበረውን ባክቴሪያና ጉሮሮ ዘጊውን ዲፍቴሪያን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ መርፌ ተጣምሮ ይሰጣል፣ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት። ልጆቻችሁን አስከትቡ። እንጥል ማስቆረጥንም ተዉ። አማቴ በኋላ ስነግራቸው "እኛስ ስንቱን አስቆረጥን" ብለው ዝም አሉ። ከዝምታቸው ውስጥ የሚያስታውሱት ልጅ እንዳለ ገባኝ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሲነጋ ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ "አባባ፣ ዳቦ" አለች፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ። ከሆስፒታሉ በር ላይ ዳቦ ገዝቼ እየቆረስኩ ሳጎርሳት የኢያኢሮስ ልጅ ትዝ አለችኝ። ጌታ ካስነሣት በኋላ የምትበላው እንዲሰጧት ማዘዙን ማርቆስ ይነግረናል።

ያንን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ሁልጊዜ ትኩረቴ በሚስቁት ሰዎች ላይ ነበር፤ ባለማመናቸው ወደ ውጭ ተጣሉ እል ነበር። ልክ ነው፣ ስቀዋል። ግን ከመሳቃቸው በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር አንብቡት፦ ያለቅሱ፣ ይጮኹ ነበር። ጌታ የጠየቃቸው የመጀመሪያው ነገር ስለዚያ ሁካታ ነው። ከዚያ አባትና እናትን፣ ከእርሱ ጋር የነበሩትንም ብቻ ይዞ ገባ፣ እጇን ያዘ፣ ጥቂት ቃል ተናገረ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ይህን ክፍል በግሪክኛው ሳይቀር ተምሬዋለሁ፤ ራሴን ግን ሁልጊዜ ከውስጠኞቹ ጋር ነበር የማስቆመው።

ይህን ስጽፍ ጮክ ብሎ መጸለይን የሚነቅፍ የሚያገኝ እንዳይመስለው። በርጤሜዎስ ጮኾ ተሰምቷል። ሐና ደግሞ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ተሰምታለች፤ ያልሰማትና የሰከረች የመሰለችው ካህኑ ዔሊ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ዔሊ ነው። በዓይኑ የሚያየውን ምልክት ይዞ፣ የሴቲቱን ልብ አውቄያለሁ አለ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ለመጻፍ ያመነታሁበት ነገር። ከስምንት ዓመት በፊት በጉባኤያችን የነበሩ ወጣት ባልና ሚስት ልጃቸው ታሞ በሌሊት ጠርተውኝ ነበር። ያ ልጅ እንዴት ይተነፍስ እንደነበር አሁን በደንብ አስታውሳለሁ። አንድ ሰዓት ያህል በታላቅ ድምፅ ጸለይኩለት። ሲብስበት ጸሎቱን አቋርጬ ወላጆቹን "በዚህ ቤት ያልተናዘዛችሁት ነገር አለ?" አልኳቸው። ባልየው ምንም አልመለሰም። ልጁን ጠቅልሎ ወደ ሆስፒታል ወጣ። ልጁ ዳነ፤ እነርሱ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ጉባኤያችን አልመጡም። እኔም "ብርሃኑን ሸሹ" ብዬ አለፍኩት። ለሽማግሌዎችም እንዲሁ ነግሬአለሁ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ስልካቸውን እየፈለግሁ፣ ካገኘሁት በኋላም እያዘገየሁ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። ልጁ ራሱ በሩን ከፈተልኝ፤ ረዝሟል፣ ኳስ በብብቱ ይዟል። አባቱ ሲያየኝ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ "ይግቡ፣ ፓስተር" አለ።

ቁጭ ብዬ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ስለ ልጅ ልጄ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳቸው። "የዚያን ሌሊት የጠየቅኋችሁን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረብኝም። ልጃችሁ የሚያስፈልገው አየር ነበር፣ እኔ በእናንተ ውስጥ ኃጢአት እፈልግ ነበር። ለሽማግሌዎችም ስለ እናንተ ያልሆነውን ተናግሬአለሁ፤ እነርሱንም አስተካክዬ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ" አልኩ። ባልየው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። "እኔ አሁን ምን እንደምልዎት አላውቅም ፓስተር" አለ። እውነቱን ነው፤ ስምንት ዓመት በአንድ ከሰዓት አይመለስም። አላስቸኮልኩትም።

ሚስቱ ቡና እያፈላች ነበር። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተናገረችም። ስኒውን ስታቀብለኝ ቀና ሳትል፣ "ያን ሌሊት እኔም ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ ልልዎት ፈልጌ ነበር" አለችኝ፤ "አፍሬ ነው የተውኩት።"